ሰንጠረዥ ሦስት

ከቱሉ ዲምቱ ማዶ፣ አውቶቡስ ዞሮ ከሚመለስበት፣
አስፋልቱ ደክሞት ጭቃ ከሚሆንበት፣
የእድራችን ድንኳንና ብረት ድስት የሚያድርበት
አንድ መስኮት ያለው የቆርቆሮ ቤት።
ሞት ሲመጣ ነበር የምንከፍተው በፊት።
አሁን ማለዳ ማለዳ በሃያ ሦስት ሕፃን ይሞላል፤
አንዱ ድስት ውስጥ ይተኛል፣
አንዱ የድንኳን ገመድ ይጎትታል።
እናቶቻቸው ግማሹ ፋብሪካ፣ ግማሹ ኮብልስቶን ጠረባ፤
ልጅ እናቱን አይለያትም፣ ማታ በብናኝ ተለውሳ ስትገባ።

እኔ የእድሩ ጸሐፊ ነኝ፤
ሠላሳ ዓመት በየደጁ ዞሬ ቆጣሪ ያነበብኩ፣
ውሻ የነከሰኝ፣ ዝናብ የደበደበኝ፣ ግን ቁጥር ያልበደልኩ።
ባልቴት ብታለቅስ፣ ባለሀብት ቢያባብል፣
ያየሁትን ጽፌ፣ ቆቤን አስተካክዬ፣ ወደ ቀጣዩ በር እል።

ገንዘብ የሚረዳ ድርጅት አለ ተባለና ቅጽ መጣልን፤
አሥራ አራት ገጽ፣ ፊደሉ ደቃቅ፣ ሣጥኑ ብዙ።
ትርሲት፣ የጎረቤት ልጅ፣ የሒሳብ ተማሪ፣
ስትፈታልኝ አመሸች በሻማ፣ መብራት ጠፍቶ።
(እኔን አትዩኝ፤ ጡረታ ወጥቻለሁ።)
“ዓላማ ቅርብ ነው” አለች፤ “ግብ ግን ሩቅ፣ በዓመታት የሚደረስበት።”
“ከግቡ በፊት ወተት አለ” አልኳት።
“እሱ ግብዓት ይባላል” አለችና ጻፈችበት።

እስከ ሰንጠረዥ ሦስት ሰላም ነበርን።
“የማኅበረሰቡ መዋጮ፤ በብር ተተምኖ ይገለጽ”
ይላል፣ ከሣጥኑ አናት ላይ።

ዘነቡ ልጇን ቀብራ በአርባኛው ቀን መጣች፤
የሰው ልጅ ደረቷ ላይ አስተኝታ ትውላለች።
በሰዓት ስንት ልበል?
ዲንቃ፣ የዘበኝነት ምሳውን ለሁለት ገምሶ
ግማሹን በመስኮት ያቀብላል፣ እጁን በሱሪው አብሶ።
በቁራሽ ስንት?
ጋሽ ቡሽራ በአህያ ጋሪው ሁለት ጀሪካን ውሃ
ያመጣል በየቀኑ፣
ቧንቧ በሳምንት አንዴ ስሎ ዝም በሚልበት በረሃ።
“ስንት ልጻፍልህ?” አልኩት። ልጓሙን ያዝ አደረገ።
“ዋጋ ካወጣህለት” አለ፣ “ከነገ ጀምሮ ነጋዴ ነኝ፤
ነጋዴ ደግሞ ያልተመቸው ቀን ይቀራል። ተወኝ።”

ሲሄድ ጻፍኩት። በቦቴ ዋጋ አይደለም፣ በሰፈሩ፣ በርካሹ፤
እንደ ሌባ ተደብቄ፣ እጄን በወረቀቱ ላይ ከልዬ።

ሦስት ወር ቆይቶ ደብዳቤ፤ ማኅተሙ ክብ፣ ሰማያዊ።
“ሥራችሁን አድንቀናል። ሆኖም ግን” ይላል፤
ከዚህ በኋላ ያለውን ቆሜ ማንበብ አልቻልኩም፣
ድስቱ ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ።
“በሰንጠረዥ ሦስት የቀረበው የማኅበረሰቡ መዋጮ
የተጋነነ ሆኖ ስላገኘነው
ተስተካክሎ በመስከረም ድጋሚ ይቅረብ።”

ትርሲት ሳቀች። እኔ መነጽሬን ወለወልኩ፣
ንጹሕ የነበረውን ደግሜ ወለወልኩ።

እንግዲህ ከማን ላይ ይነሣ?
ከዘነቡ እቅፍ ሁለት ሰዓት ብቀንስ፣ የትኛው ልጅ ይውረድ?
ከዲንቃ ዳቦ ላይ ዳርዳሩን ብቻ ብቆርስ?
ከሁሉም ቆነጠርኩ በላጲስ፤
ከጋሽ ቡሽራም አንዱን ጀሪካን።
ሠላሳ ዓመት ለባልቴት እንባ ያላደረግሁትን
ለሰማያዊ ማኅተም አደረግሁት፤
ቆጣሪውን አሳንሼ አነበብኩት።

ዛሬ ጠዋት የጋሪው ጎማ ሲንቋቋ ሰማሁ።
መንትዮቹ ሆዳቸው ታውኮ ነው ያደሩት፤
ገመዱ ላይ ጨርቅ፣ ሳፋው ውስጥ ጨርቅ፣
ዘነቡ ክንዷ እስከ ክርኗ በሳሙና ነጥቷል።
ማን እንደነገረው እንጃ፣
ጋሽ ቡሽራ ሦስት አወረደ።
አህያይቱን “ነይ” ብሎ፣ ዞር ሳይል ሄደ።

በሩ ላይ ቆሜ ቆጠርኩ፣ አመል ነው፦
አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት።
ቅጹ ላይ አንድ ነው።